ሐዲድ ባልደረሰበት አገር የባቡር ናፍቆት

ጎጃም ውስጥ ባቡር የለም። ኖሮም አያውቅም። ስለዚህ የፍኖተ ሰላም ልጅ ሆኖ ባቡር ወዳድ መሆን ትንሽ ሳያስቅ አይቀርም። ጓደኞቼ «መጀመሪያ አይተህ ውደድ እንጂ!» እያሉ ያሾፉብኛል። እውነታቸውን ነው። ጭራሽ የሚብሰው ደግሞ የኔ ፍቅር ዛሬ ከሚሄዱት ባቡሮች ጋር አለመሆኑ ነው። ተዘግተው ከቀሩት ጋር ነው።

ባቡር የሚወዱ ሰዎች ከተገናኙ አንድ ጥያቄ አይቀርም። ከተዘጉት መስመሮች በአንዱ ብቻ መሳፈር ብትችል የቱን ትመርጣለህ? አንዱ ከደማስቆ ተነሥቶ መዲና ይደርስ የነበረውን የሒጃዝ ባቡር ይላል። ሌላው ከፓሪስ ኢስታንቡል ይሄድ የነበረውን ዝነኛ ባቡር ያነሣል። አልጋ ያለውን፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ የምግብ ጠረጴዛ ያለውን። እኔ ለአልጋው ብዙም አልጓጓም። የሚያጓጓኝ ተራው ባቡር ነው። በየጣቢያው የሚቆመው፣ ዘንቢልና ማዳበሪያ የሚጫንበት፣ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ስንቁን የሚካፈልበት።

ስለዚህ ምርጫዬ ሩቅ አይሄድም። የድሮው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር።

ታሪኩን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ባጭሩ ልለፈው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር ይገባል ተብሎ ታስቦ ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪውም ከበደ። ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ቆላውን ይዞ ሄደ። በ1895 በደረሰበት ቦታ ላይ አዲስ ከተማ በቀለ፤ ድሬዳዋ። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና ከሰረ። ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው ጭነት በግመልና በበቅሎ ጀርባ ቀጠለ። በ1900 ሌላ ፈቃድ ተሰጥቶ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ፣ ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ። ለገሃር ላይ የምናየው ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ነው።

ይሄ ሁሉ ከጎጃም ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘዋል።

በሚያዝያ 1916 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ካስከተሏቸው መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ጉዞው የተጀመረው በዚህ ባቡር ነው። ያኔ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በበቅሎ ብዙ ቀን ይፈጃል። ራስ ኃይሉ በሀብታቸው የታወቁ ሰው ናቸው፤ ገንዘብ የሚያመጣ ነገርም አያመልጣቸውም ይባላል። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሜዳው ወደ ኋላ ሲሮጥ ሲያዩ ስለ ደብረ ማርቆስ ሐዲድ አስበው ይሆን? ካሰቡም ሲመለሱ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ሐሳባቸውን ሳይተዉት አይቀሩም። ይሄ የኔ ግምት ነው። ግን ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ግንኙነት ከዚህ ይልቅ ይገርመኛል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን ሊይዝ ሲቃረብ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ሲመለሱ ግን በባቡር አልነበረም። ጥር 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። በበላያ በኩል አድርገው፣ ጎጃምን አቋርጠው ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከዚያ ዓባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። በሐዲድ በአጭር ጊዜ የወጡበትን አገር መልሶ ለመግባት ወራት ፈጀ። እኛ አገር አዛውንቶች ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ባቡሩ አይነሣም። ወሬው ስለ አርበኛው፣ ስለ በላይ ዘለቀ ነው። ትክክልም ናቸው፤ ጎጃም ላይ የነበረው እግር እንጂ ሐዲድ አይደለም።

በዚያ ባቡር ብዙ የሄደ ሰው ግን እኛም ሰፈር አለ። ወታደር የነበሩ፣ ሐረር በኩል ለዓመታት የቆዩ ጎረቤት አሉን። አያ ነው የምላቸው። ባቡር ባልኩ ቁጥር ይስቁብኛል።

«አያ፣ እስኪ እንዴት ነበር ባቡሩ?»

«ምኑን እንዴት አለው ልጄ? ሙቀት ነው። ቁጭ ብለህ ታድራለህ፣ ቁጭ ብለህ ትውላለህ።»

«መስኮቱስ? አገሩስ?»

«አገሩማ እሾህ ነው። እሾህ፣ እሾህ፣ እሾህ፣ ከዚያ ጣቢያ። ጣቢያ ላይ ነው ነፍስ የምትዘራው። ሻይ አለ፣ ብርቱካን አለ፣ የተቀቀለ እንቁላል አለ። ቦታ የምታገኘው ግን በመስኮት ከገባህ ነው። በበር የገባ ቆሞ ነው የሚሄድ።»

ስለ ኮንትሮባንዱም ነገሩኝ። ከጅቡቲ በኩል ጨርቅ ይመጣል፣ ፈታሽ አለ፣ መደበቂያው ደግሞ ገላ ነው። «ወፍራ ተሳፍራ ቀጥና የምትወርድ ሴት ያየሁት እዚያ ነው» አሉኝና ሳቁ። ቀጥለው ግን ሳይስቁ አንድ ነገር ተናገሩ። «አንተ ሳልሳፈርበት ቀረሁ ብለህ ትቆጫለህ። እኛ መቼ ወርደን ባረፍን ስንል ነበር።»

ይቺ ንግግር ከዚያ ወዲህ አብራኝ አለች። የተዘጋ መስመር መመኘት ርካሽ ነው። ወንበሩ ወገብ አይቆርጥም። ባቡሩ በረሃ ላይ ተበላሽቶ አያሳድርም። የምኞት ባቡር ሁልጊዜ በሰዓቱ ነው የሚነሣው። እውነተኛው ባቡር ግን ጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ካለ ድልድይ ሲደርስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው እሱ ነው ይባላል። ስለ ለገሃር ሰዓትና ስለ እንፋሎት ጭስ ስንጽፍ ይህን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ባንዘለው ጥሩ ነው።

ለመሆኑ ለምን ሞተ? በአንድ ቀን አልሞተም። በ1969 እና በ1970 የሶማሊያ ጦርነት ሐዲዱና ድልድዮቹ ተመቱ። ከዚያ በፊትም ቢሆን አሰብ በካሚዮን እየተገናኘች ጭነቱን ስትካፈለው ኖራለች። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአገሪቱ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ያ ለባቡሩ ትንሣኤ መሆን ነበረበት። ግን ሐዲዱ አርጅቷል፣ መለዋወጫ የለም፣ ጥገናው ለዓመታት ተንከባሏል። ጭነቱ መጣ፣ የሚሸከመው ጉልበት አልነበረም። ካሚዮኑ ወሰደው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ሥራ አጥቶ ቢዘጋ ይገባኛል። ሥራው በር ላይ ቆሞ እያለ ነው የተዘጋው።

በ2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ አይደል? አለ። ሰፋ ባለ ሐዲድ፣ በጥሩ ፍጥነት ይሄዳል። እኔም አልጠላውም። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። የድሮው ጣቢያ ከተማው መሃል ነበር። እንዲያውም ከተማው ነው ጣቢያውን ከቦ ያደገው። ድሬዳዋ ከጣቢያው ስትወጣ ወዲያው ከዚራ ነህ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለ ባቡሩ ማን ያውቀው ነበር? አዳማም ሞጆም ለባቡሩ ብዙ ዕዳ አለባቸው። አዲሱ ጣቢያ ግን ከከተማው ውጭ ሜዳ ላይ ነው። ለአዲስ አበባ ለቡ ላይ ቆሟል። ከባቡሩ ትወርድና ባጃጅ ወይም ታክሲ ትፈልጋለህ። መሐንዲሶቹ ምክንያት አላቸው፤ ፈጣን ባቡር ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል፣ ከተማ መሃል መሬት ውድ ነው። ይገባኛል። ብርቱካን ሻጯ ግን እዚያ ድረስ አትሄድም።

ሁለተኛ ምርጫዬ ከምጽዋ አስመራ ነው። ሙሉ በሙሉ ተዘጋ ማለት አይቻልም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከቆመ በኋላ ሐዲዱና አግዳሚው እየተነቀለ ለምሽግ ሥራ ዋለ። ኤርትራውያን ከነፃነት በኋላ የውጭ ብድር ሳይጠብቁ ራሳቸው ጠገኑት። ጡረታ የወጡ የድሮ ሠራተኞች ተጠርተው፣ ሽበታቸውን ይዘው መዶሻ አነሡ። በ1995 አስመራ ድረስ ተጠናቀቀ። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ለጎብኚ ይንቀሳቀሳል። ከአስመራ በስተ ምዕራብ በከረን በኩል አቆርዳትንና ቢሻን ይነካ የነበረው ግን እንደጠፋ ቀርቷል።

ይህ መስመር የጎጃም ሰውን ለየት አድርጎ ይስበዋል። ምክንያቱ ዳገቱ ነው። ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በጣም ቀጥ ባለው ቦታ በየአንድ ሺህ ሜትሩ 35 ሜትር ያድጋል። ለባቡር ይህ እጅግ ከባድ ነው። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል።

ይህን ቁጥር ያወቅኩ ዕለት ወረቀትና እርሳስ አነሣሁ። ያለ ዓባይ በረሃ ሌላ ምን ሊታየኝ? ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። በጎሐ ጽዮን በኩልም እንደዚያው። አንድ ሺህ ሜትር ብቻ ነው ብለን ብንይዝ እንኳ፣ በአስመራው ዳገት ልክ ለመውረድ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ያስፈልጋል። ለመውጣት ሌላ 29። የአዲሱ የጅቡቲ መስመር ደግሞ በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከ18.5 ሜትር በላይ ዳገት አይፈቅድም። በእሱ ልክ ከሆነ መውረጃው ብቻ 54 ኪሎ ሜትር፣ መውጫው ሌላ 54። ይሄ ሁሉ ሐዲድ በዚያ ገደል ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ፣ ዋሻ እየበሳ፣ ድልድይ እየዘረጋ። መሬቱ ደግሞ በየክረምቱ የሚንሸራተት ነው፤ አስፋልቱን እንኳ ስንት ጊዜ ሰንጥቆታል። ኢሱዙ ላይ ተሳፍሮ በዚያ ኩርባ የወረደ ሰው ባቡር ለምን ወደ ጎጃም እንዳልመጣ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ግን ወረቀት ላይ መጥቶ ነበር። ከአንድም ሁለት ጊዜ።

የመጀመሪያው የእኛ አልነበረም። በታኅሣሥ 1918 እንግሊዝና ጣሊያን ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ትፈልጋለች። ጣሊያን ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያልፍ ባቡር። አንተ እኔን ደግፈኝ፣ እኔም አንተን እደግፍሃለሁ ዓይነት ነው። ባለቤቱን ማንም አልጠየቀም። ራስ ተፈሪ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ ነገሩም ከሸፈ። ካርታ ዘርግቶ ከአስመራ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል መስመር የሚያሰምር ሰው ጣቱ የእኛን አገር ሳይነካ ማለፉ ያጠራጥራል። ያ ባቡር ባለመሠራቱ አላዝንም። ሳይሳፈሩበት መቅረቱ ጥሩ የሆነ ባቡር አለ ከተባለ እሱ ነው።

ሁለተኛው የራሳችን ነበር። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 ጀምሮ፣ አገሪቱን የሚያገናኙ ስምንት የባቡር መስመሮች ታቀዱ። ከስምንቱ አንዱ የሚነሣው ከየት መሰላችሁ? ከፍኖተ ሰላም! ፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ዳር፣ ወረታ፣ ወልድያ፣ ሰመራ፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ ድንበር የምትቀርበው ኤሊዳር። 734 ኪሎ ሜትር። አያችሁ ብልሃቱን? ዓባይ በረሃን አይነካም። አዲስ አበባ አይገባም። የቡሬን በርበሬና በቆሎ በጣና በስተ ምሥራቅ ዞሮ በቀጥታ ወደ ባሕር ሊያወርድ ነው። ዕቅዱን ያወጣው ሰው ያንን ገደል አንድ ቀን በአውቶቡስ ሳይወርደው አልቀረም።

ሻይ ቤት ውስጥ ክርክሩ ወዲያው ተጀመረ። ጣቢያው የት ይሆናል? በብር ሸለቆ በኩል ነው የሚል አለ። አይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው የሚል አለ። መሬት ቶሎ ግዛ የሚል ወዳጅም ነበር። እኔ መሬት የምገዛበት ገንዘብ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ስለ ፉርጎው ቀለም ነበር የማስበው። ሐዲዱ ሳይነጠፍ ቀረ። ሳይከፈት የተዘጋ መስመር በባቡር ወዳዶች ዝርዝር ውስጥ ይገባል ወይ? በኔ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ዛሬ ከዚህ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመሄድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ታሪፉ አይደለም፤ መንገዱ ክፍት ነው ወይ ብሎ ነው።

ስለ ዓባይ ካነሣሁ አይቀር፣ ከእኛ ወጥቶ ባቡር የሚያገኘው ውኃው ነው። ሱዳን ውስጥ ሰናር ግድብ ላይ ሐዲድ አለ። ከካሰላ በገዳሪፍ አድርጎ የመጣው መስመር በ1921 ገደማ ዓባይን የተሻገረው በግድቡ ጀርባ ላይ ነው። የጎጃም አፈር በየክረምቱ ከዚያ ሐዲድ ሥር ያልፋል። የሰሊጥ አጨዳ ፍለጋ ወደ ገዳሪፍ የወረደ የእኛ አገር ልጅም ብዙ ነው። ያ መስመር ጉልበቱ ካለቀ ቆይቷል፤ እሱንም ብሳፈርበት እወድ ነበር። ደግሞ አስቡት፣ የሱዳን ሐዲድ ስፋቱ 1,067 ሚሊ ሜትር፣ የኤርትራው 950፣ የጅቡቲው 1,000። ሦስት ጎረቤት፣ ሦስት ልክ። ሐዲዶቹ ጫፍ ለጫፍ ቢገናኙ እንኳ የአንዱ ፉርጎ የሌላው ላይ አይሄድም። እያንዳንዱ ቅኝ ገዢና ኩባንያ ለራሱ ወደብ ብቻ ነበር የሚያስበው።

እስካሁን መስመር ምን እንደሆነ የገባኝ ውኃ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሳምንት አንድ ጊዜ ይሄድ የነበረውን ጀልባ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዘጌ ይቆማል፣ ደቅ ይቆማል፣ ቁንዝላ ያድራል፣ ደልጊን ነክቶ ጎርጎራ ይደርሳል። በአንዱ ጉዞ ደቅ ላይ ስንቆም የተሳፈረው ሰው ጥቂት ነው። ሊያይ የመጣው ግን ደሴቱን የሞላ ነበር። ዕቃ የሚልክ፣ መልእክት የሚቀበል፣ ማን መጣ ብሎ የሚቆም። አንዲት እናት ለማታውቀው ተሳፋሪ «ይችን ለልጄ፣ ቁንዝላ ላይ ይጠብቅሃል» ብላ አገልግል ሰጠች። ስሙን ነገረችው፣ አበቃ። ቁንዝላ ስንደርስ ልጁ ቆሞ ነበር። አውቶቡስ ላይ ይህን ማድረግ ይከብዳል፤ ሲሞላ ነው የሚነሣው፣ ሹፌሩ ደስ ባለው ምግብ ቤት ነው የሚቆመው። ጀልባው ግን ቀኑም ጣቢያውም የታወቀ ነው። ሰው ኑሮውን ያስተካከለበት። አያ ስለ ጣቢያዎቹ ያሉኝም በሚገባ የተረዳኝ ያኔ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሴ ይኸው። የድሮው የጅቡቲ ባቡር፣ ግን ሙሉውን አይደለም። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ፣ ሽቅብ። በኤረር፣ በአፍደም፣ በሚኤሶ፣ በአሰቦት አድርጎ አዋሽ ይደርሳል። እዚያ አሮጌው ቡፌ ላይ ወርጄ አንድ ነገር እቀምሳለሁ። አዋሽ ከአንድ ሺህ ሜትር በታች ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ከቆላ ወደ ደጋ እየወጣ አየሩ በመስኮት ሲቀዘቅዝ ነጠላውን ደረብ የሚያደርግ ሰው ማየት እፈልጋለሁ። ያንን ስሜት ከዓባይ ድልድይ ተነሥተን ደጀን ስንደርስ አውቀዋለሁ። በሐዲድ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም። አንደኛ ማዕረግ አይሁንልኝ፤ ሦስተኛ ይበቃል።

ይህን ለአያ ነገርኳቸው። እንደሚስቁብኝ ጠብቄ ነበር። ትንሽ አሰቡና፣

«ሽቅቡን ከሆነማ እኔም እመጣለሁ» አሉ። «ግን እኔ አርጅቻለሁ። አንተ በመስኮት ገብተህ ቦታ ያዝልኝ።»